ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይወስዳል? ስለ በረራ ሠንጠረዣችሁ የቀረበ እርማት

የተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጉዞ ገጻችሁ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ሩቅ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎችን ርቀትና ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ነበር። ስለ ዋሽንግተን በረራ የሰጣችሁት ርቀት ትክክል ነው፤ ከቦሌ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን እኔም ለብቻዬ አስልቼ አረጋግጫለሁ። «የበረራ ሰዓት» በሚለው ረድፍ ሥር ግን ሲሄዱ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት ተብሎ ታትሟል። ሁለቱም ቁጥሮች ስሕተት ናቸው። አንዱ እጅግ አንሶ፣ ሌላው እጅግ በዝቶ ስለተጻፈ አንባቢው መሄዱ ቀላል፣ መመለሱ ግን ከባድ ነው ብሎ እንዲያምን ያደርጉታል፤ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ለመገመት አያስቸግርም። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ባልደረባችሁ ትኬት ላይ ከተጻፈው የመድረሻ ሰዓት የመነሻውን ሰዓት ቀንሶ ያገኘውን ጽፏል። ትኬት ላይ ግን የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻውም ሰዓት በመድረሻው አገር አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን ማቀናነስ ብርን ከዶላር ሳይመነዝሩ እንደ መቀነስ ነው። ይህን ጉዳይ አጥብቄ የማነሣው ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር በመሆኔ ብቻ አይደለም። ይኸው «9 ሰዓት ተኩል» የሚለው ቁጥር ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ እህቴን ለጭንቀትና ለሕመም ዳርጓት ስለነበረ፣ በጋዜጣ ላይ ታትሞ ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። አሜሪካ የምትኖረው ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በተቃረበች ጊዜ፣ ልታርሳት ከጥምቀት በኋላ ከዚህ ከባሕር ዳር ተነሣች። ዕድሜዋ ያን ጊዜ 66 ነበር። የስኳር ሕመም ስላለባት ኢንሱሊን ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ትወጋለች፤ ይህንንም ሰዓት እንደ ጸሎቷ ሰዓት አክብራ ነው የምትጠብቀው። ትኬቱን የቆረጠላትን ወጣት «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው መንገዱ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም ወረቀቱን አየት አድርጎ «እማማ፣ ከምሽቱ 4፡30 ላይ ተነሥተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያ ነዎት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ ተኝተው ይደርሳሉ» አላት።

እታለም በዚህ መሠረት ሒሳቧን ሠራች። የማታውን መርፌ ቦሌ ተወግታ ትሳፈራለች፤ የጠዋቱን ደግሞ ልክ እንደደረሰች፣ ከልማዷ አንድ ሰዓት ብቻ አሳልፋ ትወጋለች። ስለዚህ ኢንሱሊኑን በእጅ ቦርሳዋ መያዝ አላስፈለጋትም። ከበሶውና ከአጃው ዱቄት መካከል በጥንቃቄ ጠቅልላ በትልቁ ሻንጣ አስገባችውና ለጭነት አስረከበችው። ኢንሱሊን በጭነት ክፍል ቅዝቃዜ ሊበላሽ እንደሚችልና ምን ጊዜም ከመንገደኛው ጋር መሆን እንዳለበት ያን ዕለት የነገራት ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ ልብ አላልኩትም፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት አየርላንድ፣ ደብሊን ላይ አረፈ። እታለም ከእንቅልፏ ነቅታ የእጅ ሰዓቷን ስታይ 1 ሰዓት ይላል። በመስኮቱ ስትመለከት ውጭው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ትላንት ማታ ቦሌ ላይ መርፌዋን የወጋችው 1 ሰዓት ላይ ስለነበረ፣ ሰዓቷ እዚያው ላይ የቆመ መሰላት፤ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አዳመጠችው፤ ይሄዳል። በአገራችን የጠዋቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ጣና ላይ ፀሐይ ወጥታ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚሰበስቡበት ሰዓት ነው። ደብሊን ላይ ግን ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ከዚያም አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሌላ ስምንት ሰዓት ያህል በረረ፤ ከዚህም አብዛኛው በጨለማ ነው። «ሌሊቱ አልነጋ አለኝ። ሰውን እንዳልጠይቅ ቋንቋ የለኝ። ውዳሴ ማርያም ደገምኩ፤ ደግሜ ጨረስኩና እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም አልነጋም» ስትል የነገረችኝን አልረሳውም። ንጋቱን ያየችው ሊያርፉ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራቸው ነው።

ደለስ ስታርፍ የዚያ አገር ሰዓት በእርግጥም እንደ ትኬቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። በእኛ ሰዓት ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። ከቦሌ ከተነሣች 17 ሰዓት ተኩል አልፏታል፤ የጠዋቱ መርፌዋም ዘጠኝ ሰዓት ዘግይቷል። የኢሚግሬሽን ሰልፍና የሻንጣ ጥበቃ ሲጨመርበት፣ ልጇ ስታገኛት አፏ ደርቆ፣ እግሯ አብጦ፣ ቀጥ ብላ መቆም አቅቷት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ሰው ሁለት ሰዓቶችን ሳይመነዝር በመቀናነሱ መሆኑን እያሰብኩ፣ በየሳምንቱ ስንት እናቶች በዚሁ ሒሳብ እንደሚሳፈሩ ማሰቡ ያስጨንቀኛል።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ይፈቀድልኝ። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትዞራለች። አዲስ አበባ በ39 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ፣ ዋሽንግተን ደግሞ በ77 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው 116 ዲግሪ አለ፤ ይህም ለ15 ሲካፈል ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል። በሕግ የተወሰነው የሰዓት ልዩነትም በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው። አሜሪካውያን በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያዞሩትና በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ስለሚመልሱት፣ በበጋቸው ልዩነቱ ወደ ሰባት ሰዓት ዝቅ ይላል። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችንን አንነካም። (በነገራችን ላይ የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን ባሕር ዳር ግን በ37 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ቀን 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6፡30 ገደማ ነው። ተማሪዎቼ ይህን የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ጥላ በመለካት ራሳቸው ይደርሱበት ነበር።)

እንግዲህ ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው። ወደ ምዕራብ ስንሄድ የትኬቱ ሁለት ሰዓቶች ተቀናንሰው በሚገኘው ቁጥር ላይ የሰዓቱን ልዩነት እንደምራለን፤ 9 ሰዓት ተኩል ላይ 8 ሲደመር 17 ሰዓት ተኩል። ወደ ምሥራቅ ስንመለስ እንቀንሳለን። እታለም በግንቦት ስትመለስ ከዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነሥታ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ደረሰች፤ የትኬቱ ሁለት ሰዓቶች ሲቀናነሱ 20 ሰዓት ሲሆን፣ 7 ሲነሣለት 13 ሰዓት ይቀራል። በሠንጠረዣችሁ ላይ 9 ተኩልና 20 ተብለው የታተሙት ቁጥሮች 17 ተኩልና 13 መሆን ነበረባቸው ማለት ነው። በዓለም ላይ ረጅሙ መደበኛ የቀጥታ በረራ የሚባለው ሲንጋፖርን ከኒውዮርክ የሚያገናኘው ሲሆን፣ 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ በመጓዝ ከ18 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የእታለም ጉዞ በሰዓት ብዛት ከዚህ ብዙም የማያንስ ነበር፤ የተነገራት ግን የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው።

አንባቢ ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ፣ መንገዱ ያው ከሆነ ለምን መሄዱ ከመመለሱ በአራት ሰዓት ተኩል በለጠ የሚል ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ነፋስ ነው። የረጅም መንገድ ጄቶች ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ፤ በዚሁ ከፍታ ላይ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በተለይ በክረምታቸው ይበረታል፤ አንዳንድ ጊዜም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ለጣና ዳር ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ከዘጌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ሰው፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ማለዳ የሚፈጅበትን ጊዜና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣበት የሚፈጅበትን ጊዜ ለይቶ ያውቃል። የውኃው ስፋት አልተለወጠም፤ ክንዱም ያው ነው። ስለዚህ «ከዘጌ ባሕር ዳር ስንት ሰዓት ነው?» ብትሉት መልሶ «በየትኛው ነፋስ?» ይላችኋል። ስለ አውሮፕላንም መጠየቅ ያለብን እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ ያለው አየር በባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን የማንሣት ኃይሉ ያንሳል፣ ሞተሩም የሚያገኘው አየር ይቀንሳል፤ በመሆኑም አውሮፕላኑ በማኮብኮቢያው ላይ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል፣ ይዞት የሚነሣው ክብደትም ይገደባል። የቦይንግ 787 የነዳጅ ታንኮች ሙሉ ሲሆኑ ከ120,000 ሊትር በላይ ይይዛሉ፤ ይህም 100 ቶን ገደማ ይመዝናል። መንገደኛውን፣ ሻንጣውንና ለዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ፣ ነፋሱንም ፊት ለፊት ገጥሞ ለመሄድ ከቦሌ መነሣት ስለሚከብድ፣ መንገድ ላይ አርፎ መሙላት ይቀላል። የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ብቻ ነው። አየሩ ወፍራም ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ሲመለስ ሙሉ ነዳጁን ይዞ፣ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ቦሌ ይገባል። ይህን ሲረዳ ተጓዡ ደብሊን ላይ ሲያርፍ ተሳስቶ የወረደ ወይም አውሮፕላኑ የተበላሸ መስሎት አይደነግጥም። እታለምን ካስጨነቋት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ሌሎች መንገደኞች ሳይወርዱ ለምን እንደቆሙ አልገባትም።

ሠንጠረዣችሁን ተከትሎ በወጣው ጽሑፍ ላይ አየርላንድ «ከመንገድ ወጣ ያለች» በመሆኗ ብዙ ኪሎ ሜትር ይባክናል የሚል ሐሳብም ሰፍሯል። ይህም በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በክር ነበር። ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሉል ነበረን፤ በእርሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት ከ420 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። አንዱ ተማሪ የልብስ መስፊያ ክር ጫፉን አዲስ አበባ ላይ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ሌላው ሌላኛውን ጫፍ ዋሽንግተን ላይ ይዞ ቀስ እያለ ይወጥረዋል። ክሩ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተትና ሲወጠር ራሱ ቦታውን ያገኛል፤ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። ሲለካ ከ27 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ እናሰምራለን። ማስመሪያው ያሰመረው በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ በኩል ነው፤ ልጆቹም ሁልጊዜ «ቀጥተኛው ይህኛው ነው» ብለው ይከራከሩኝ ነበር። ነገር ግን ይህን መስመር ተከትሎ የሚበር አውሮፕላን 12,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

አሁን ክሩን ደብሊን ላይ ሰበር አድርጉት። ከአዲስ አበባ ደብሊን ወደ 6,370፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ወደ 5,460 ኪሎ ሜትር ነው፤ ድምሩ 11,830 ገደማ ይሆናል። ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በካርታ ላይ በማስመሪያ ከተሰመረው «ቀጥተኛ» መስመር ደግሞ ያንሳል። በደብሊን መቆሙ የሚያስከፍለው ወርዶ አርፎ፣ ሞልቶ እንደገና ለመነሣት የሚወስደውን ጊዜ ነው እንጂ መንገዱን አይደለም።

የእኛን የባሕር ዳር ተጓዦች በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን በአየር ላይ ሦስት አራተኛ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይጻፋል። ይህ ማታለል አይደለም። አየር መንገዶች የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንሥቶ መድረሻው ላይ ቆሞ እስኪያበቃ ድረስ ስለሆነ፣ ማኮብኮቡና ተራ መጠበቁ ሁሉ ይገባበታል። ርቀትን ለፍጥነት አካፍሎ ሰዓት ማግኘት የማይቻለውም በከፊል ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ከባሕር ዳር–አዲስ አበባ መስመር 35 እጥፍ ይርቃል፤ የመልሱ በረራ የሚወስደው ግን 13 እጥፍ ጊዜ ነው።

እታለም ያን ዕለት ከቤቷ የወጣችው ከቀኑ 7 ሰዓት ነበር። 9 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሥታ 10 ሰዓት ገደማ ቦሌ ደረሰች፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ 4፡30 ጠበቀች። የተነገራት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ገና ሳይነሣ አልቋል። በረራውን፣ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍና ከደለስ እስከ ልጇ ቤት ያለውን የመኪና መንገድ ስንጨምርበት ከደጇ እስከ ልጇ ደጅ 30 ሰዓት ገደማ ፈጀባት። መድኃኒት፣ ስንቅ፣ ጾም፣ የእግር እብጠት፣ እነዚህ ሁሉ የሚታሰቡት በዚህ ቁጥር ነው። ክሩ የሚያሳየው ሌላ ነገርም አለ፦ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደው አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ምዕራብ ተመልሶ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል በደቡብ ምዕራብ በኩል ያልፋል። ለመሄድ ወደ ኋላ የተመለሰችውን ያህል መልሳ ሄዳዋለች።

የመጨረሻው ጉዳይ የሰዓቱ አጻጻፍ ነው። ከአገራችን የመጀመሪያው መደበኛ የውጭ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ከተደረገበት ከመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝባችን በአውሮፕላን ሲጓዝ ኖሯል፤ እስከ ዛሬ ግን ትኬቱን በራሱ ሰዓት አንብቦ አያውቅም። 06፡30 ተብሎ የተጻፈውን ቀን 6፡30 ነው ብሎ አንብቦ፣ ጎሕ ሲቀድ የተነሣውን አውሮፕላን እኩለ ቀን ላይ ሊሳፈር የሄደ ሰው በየሰፈሩ አለ። ከዚህ የባሰው የእኩለ ሌሊቱ ነው። አንድ ጎረቤቴ ትኬቱ ላይ «ረቡዕ 00፡40» የሚል ተጽፎለት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር በርሮ፣ ረቡዕ ማታ ቦሌ ተገኘ። አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎት ነበር። የዓመት ቁጠባው የተቃጠለበት ትኬቱን የሸጠለት ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለመጨመሩ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ አማርኛ ለዚህ ችግር ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡40» ብንል የሚሳሳት ሰው የለም። አጥቢያ የምትለው ቃል ሌሊቱ የየትኛው ቀን መጨረሻና የየትኛው መጀመሪያ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ትናገራለች። ልቅሶም፣ ሰርግም፣ የበዓል ማኅሌትም ስንጠራራ ዘወትር በአፋችን ያለች ቃል ናት። ለአውሮፕላን ጊዜ ለምን እንደተውናት አይገባኝም።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው የሚከብድ አይመስለኝም። ሠንጠረዡ ታርሞ ይውጣ፤ ሲወጣም ለእያንዳንዱ መስመር በአየር ላይ የሚወስደው ሰዓት ሲሄዱና ሲመለሱ ተለይቶ፣ ማረፊያ ካለ የማረፊያው ቦታ፣ የመነሻውና የመድረሻው ሰዓት በእኛም በዚያ አገርም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። በዚህ በባሕር ዳር ትኬት የምትቆርጡ ሰዎችም ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ፣ ለአረጋውያን ተጓዦች ግማሽ ገጽ በአማርኛ ጽፎ መስጠት አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ ልነግራችሁ እወዳለሁ። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። እታለም በመጪው ኅዳር ለሁለተኛው የልጅ ልጇ ክርስትና ስለምትሄድ፣ ባለፈው እሑድ ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«ኢንሱሊንሽና መርፌሽ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፤ ለጭነት አትስጪው። ከቤት የምትወጪው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከቦሌ የምትነሺው ከምሽቱ 4፡30 ነው። የእጅ ሰዓትሽን አትንኪው፤ በአገርሽ ሰዓት ይሂድ። ሰዓትሽ አንድ ሰዓት ሲል፣ ውጭው ጨለማ ቢሆንም፣ በአገርሽ ነግቷልና ምግብሽን አስመጥተሽ መርፌሽን ውጊ። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ያርፋል፤ አትውረጂ፣ አልደረስሽም። ሌሊቱ አሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ ፀሐይን እየሸሸሽ ስለምትሄጂ ነው። ሰዓትሽ አሥር ሰዓት ሲል ትደርሻለሽ፤ እዚያ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተሽ ጥቂት ተራመጂ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ካስገባችው በኋላ መልሳ አውጥታ «በሌሊት መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ፊደሉን አጉላልኝ» አለችኝ፤ አጉልቼ እንደገና ጻፍኩት። የሠንጠረዡን እርማት ስታወጡም በዚሁ መጠን በሚነበብ ፊደል እንድታደርጉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር
ባሕር ዳር